ኦቲዝም እና የጽንፈኝነት ተጋላጭነት ግምት

ኦቲዝም እና የጽንፈኝነት ተጋላጭነት ግምት ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ በቀላሉ ወደ ጽንፈኝነትና ወደ ሽብር ተግባር ይሳባሉ የሚለውን አስተሳሰብ የሚመለከት ርዕስ ነው። አስተሳሰቡ በተለይ ከእ.ኤ.አ. 2011 በኋላ በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ በመገናኛ ብዙኃን፣ በፍርድ ቤቶችና በጸጥታ ተቋማት ዘንድ ተስፋፍቷል። እስካሁን የታተሙ ጥናቶች ኦቲዝም በራሱ ሰውን ጽንፈኛ ያደርጋል የሚለውን ሐሳብ አይደግፉም። ይልቁንም በአንዳንድ ግለሰቦች ላይ ብቸኝነት፣ በእኩዮች መጠቃት፣ የድጋፍ እጦትና አብረው የሚከሰቱ ሌሎች የጤና ችግሮች ከኦቲዝም ባህርያት ጋር ተዳምረው ለተንኮለኛ መልማይ በር ሊከፍቱ እንደሚችሉ ያመለክታሉ። በኢትዮጵያ ኦቲዝምን የተመለከቱት የተለመዱ ግምቶች ከዚህ የተለዩ ቢሆኑም፣ በቤተሰብና በልጆች ላይ የሚያስከትሉት መገለል ተመሳሳይ ነው።

ስያሜና ትርጉም

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የአንጎል እድገት ልዩነት ነው። ዋና መገለጫዎቹ ከሰዎች ጋር በመግባባትና በመቀራረብ ረገድ የሚታይ ልዩነት፣ ተደጋጋሚ ባህርይ፣ በጥቂት ነገሮች ላይ የጠለቀ ትኩረት እንዲሁም ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለንክኪ ከተለመደው የበዛ ወይም ያነሰ ስሜት ናቸው። ሁኔታውን በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት የገለጹት ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 እና ሃንስ አስፐርገር እ.ኤ.አ. በ1944 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አዕምሮ ሐኪሞች መመሪያ (ዲኤስኤም-5) ቀደም ሲል አስፐርገር ሲንድረም ይባል የነበረውን ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ስም፣ «የኦቲዝም ስፔክትረም» በሚል አጠቃልሏል። «ስፔክትረም» መባሉ ሁኔታው ከሰው ሰው እጅግ ስለሚለያይ ነው። ፈጽሞ የማይናገር ልጅም፣ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰውም በዚሁ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረበት ይገምታል።

ወደ ጽንፈኝነት መሳብ ሲባል አንድ ሰው ኃይልን ለፖለቲካዊ፣ ለሃይማኖታዊ ወይም ለዘር ዓላማ መጠቀም ተገቢ ነው ወደሚል እምነት ደረጃ በደረጃ የሚደርስበትን ሂደት ያመለክታል። ያልተለመደ ወይም ጠንካራ አቋም መያዝ ብቻውን በዚህ ትርጉም ውስጥ አይካተትም። በኢትዮጵያ የፖለቲካ ንግግር «ጽንፈኛ» እና «አክራሪ» የሚሉት ቃላት ተቃራኒ ወገንን ለመንቀፍም ስለሚውሉ፣ በጥናት ውስጥ ያላቸውን ጠባብ ትርጉም ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

«ተጋላጭነት» የሚለው ቃልም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያዝላል። አንደኛው ሰውየው በሌሎች ሊታለልና ሊበዘበዝ ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው ሰውየው ለሌሎች አደጋ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥበቃን፣ ሁለተኛው ደግሞ ክትትልን ይጠራል። በርዕሱ ላይ የሚነሳው ክርክር አብዛኛው የሚመነጨው የሁለቱ ትርጉሞች መምታታት ነው።

የግምቱ አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 በኖርዌይ 77 ሰዎች ከተገደሉበት ጥቃት በኋላ በተካሄደው የፍርድ ሂደት፣ አንድ የሥነ አዕምሮ ባለሙያ ገዳዩ አስፐርገር ሲንድረም ሊኖርበት ይችላል ብለው ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ጥፋተኛ ያለው ለድርጊቱ ሙሉ ኃላፊነት ያለበት ሰው አድርጎ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በአሜሪካ ኒውታውን ከተማ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጅምላ ግድያ ሲፈጸም፣ ገዳዩ አስፐርገር ሲንድረም ነበረበት የሚለው ዜና በሰፊው ተሰራጨ። የኦቲዝም ማኅበራት ምርመራውን ከግድያው ጋር ማያያዝ ስህተት መሆኑን ቢገልጹም፣ በብዙ አንባቢ አዕምሮ ሁለቱ ነገሮች ተቆራኝተው ቀሩ።

በእንግሊዝ ጉዳዩ የመንግሥት አሠራር ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የጸረ ሽብርና የጸጥታ ሕግ መምህራንን፣ የጤና ሠራተኞችንና የአካባቢ መስተዳድሮችን «ፕሪቨንት» በተባለው መርሐ ግብር መሠረት ሰዎች ወደ ሽብር እንዳይሳቡ የመከላከል ግዴታ ጣለባቸው። በዚህም ምክንያት መምህራንና ሐኪሞች ያሳሰባቸውን ሰው ወደ መርሐ ግብሩ መጠቆም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የሀገሪቱ የሽብር ሕግ ገለልተኛ ገምጋሚ ጆናታን ሃል ከተጠቆሙት መካከል ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ቁጥር እጅግ ከፍተኛ መሆኑን በይፋ ተናገሩ። እሳቸው ጥያቄውን ያነሱት እንዲህ ያሉ ወጣቶችን በወንጀል ሕግ ብቻ ማስተናገድ ተገቢ መሆኑን ለመመርመር ቢሆንም፣ ንግግሩ ኦቲዝም ወደ ሽብር ይመራል እንደሚል ማስረጃ ተደርጎ የተወሰደበት ጊዜ አለ።

መጠቆም ግን ጥፋት መፈጸም አይደለም። ከሚጠቆሙት ሰዎች አብዛኞቹ ወደ ቀጣዩ የድጋፍ ደረጃ አያልፉም። ኦቲዝም ያለበት ተማሪ በሌላው ዘንድ ያልተለመደ ጥያቄ በግልጽ ሊጠይቅ፣ ስለ ጦር መሣሪያ ወይም ስለ ዓለም ጦርነት ደጋግሞ ሊያወራ፣ የሰማውን ዐረፍተ ነገር ትርጉሙን ሳያጤን ሊደግም ይችላል። መምህሩ ይህን ካላወቀ ለጥቆማ በቂ ምክንያት ያገኘ ይመስለዋል። በተጨማሪም ከፖሊስ ወይም ከመርሐ ግብሩ ጋር የተገናኘ ወጣት የባለሙያ ምርመራ ስለሚደረግለት፣ ሳይታወቅ የቆየ ኦቲዝም በዚያው አጋጣሚ ይታወቃል። ስለዚህ በተጠቋሚዎች መካከል የሚታየው ከፍተኛ ቁጥር በከፊል የአጠቋቆሙና የምርመራው ውጤት ነው።

የጥናቶች ውጤት

ኦቲዝምና የኃይል ወንጀል

በስዊድን ስቶክሆልም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 295,734 ወጣቶችን ከ15 ዓመት ዕድሜያቸው ጀምሮ በመዝገብ ተከታትሏል። መጀመሪያ ላይ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች በኃይል ወንጀል የመፈረድ መጠናቸው በትንሹ ከፍ ያለ መስሎ ታየ። ተመራማሪዎቹ አብረው የሚከሰቱትን የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር (ኤዲኤችዲ) እና የሥነ ምግባር መዛባት ለይተው ሲያሰሉ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ይህም ለአደጋው ምክንያት የመሰለው ኦቲዝም ሳይሆን አብሮት የነበረ ሌላ ችግር እንደነበር ያሳያል።

ኦቲዝምና ሽብር

ኤሚሊ ኮርነር፣ ፖል ጊልና ኦሊቨር ሜሰን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ብቻቸውን ተንቀሳቅሰው የሽብር ተግባር የፈጸሙ ወይም ያቀዱ 153 ሰዎችን መርምረዋል። ከእነዚህ ውስጥ 3.3 በመቶው፣ ማለትም አምስት ያህሉ፣ የኦቲዝም ምርመራ ነበራቸው። አኃዙ በሕዝቡ ዘንድ ካለው መጠን ከፍ ያለ ቢመስልም በአምስት ሰዎች ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው። የተሰበሰበውም ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ ምንጮች በመሆኑ፣ የጋዜጣ ትኩረት የሳቡ ጉዳዮች በብዛት ይገኙበታል።

የቁጥሮቹ አተረጓጎም

«ከአጥፊዎች መካከል ስንቶቹ ኦቲዝም አለባቸው?» እና «ኦቲዝም ካለባቸው መካከል ስንቶቹ አጥፊ ይሆናሉ?» የሚሉት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ቢመስሉም መልሳቸው ፍጹም የተለያየ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ማስላት ይቻላል። 1,000,000 ሰው የሚኖርበት አንድ ምናባዊ ከተማ አለ እንበል። ከነዋሪዎቹ 1 በመቶው፣ ማለትም 10,000 ሰዎች፣ ኦቲዝም አለባቸው። በከተማዋ 100 ጽንፈኞች ቢኖሩና ከእነዚህ 3ቱ ኦቲዝም ቢኖርባቸው፣ በጽንፈኞች መካከል ያለው የኦቲዝም መጠን በከተማው ሕዝብ ካለው ሦስት እጥፍ ነው። ይሁን እንጂ ኦቲዝም ካለባቸው 10,000 ሰዎች 9,997ቱ ከጽንፈኝነት ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ኦቲዝምን እንደ ምልክት ወስዶ ክትትል የሚጀምር ተቋም ሦስት ሰዎችን ለማግኘት 9,997 ንጹሐንን ይጠረጥራል፤ ኦቲዝም የሌለባቸውን 97 ጽንፈኞች ደግሞ ያልፋቸዋል። በእውነተኛው ዓለም የሽብር ተግባር በዚህ ምሳሌ ከተወሰደው መጠን እጅግ ያነሰ ስለሆነ ስህተቱ የበለጠ ይሰፋል።

የኦቲዝም ባህርያትና ሁለት ገጽታቸው

የእንግሊዝ የወንጀል ሥነ ልቡና ባለሙያ ዛይናብ አልአታር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ የኦቲዝም ባህርያት ለሽብር መንስኤ ሳይሆኑ የአንድን ግለሰብ ጉዳይ ለመረዳት የሚያግዙ ዳራዎች መሆናቸውን አብራርተዋል። በዚህ አመለካከት አንዱ ባህርይ በአንድ ሁኔታ ለመልማይ ሊመች፣ በሌላ ሁኔታ ደግሞ መከላከያ ሊሆን ይችላል።

የጠለቀ ትኩረት፦ በአንድ ርዕስ መመሰጥ አንዳንድ ጊዜ ወደ ጦር መሣሪያ ወይም ወደ ጽንፈኛ ምልክቶች ሊያዘነብል ይችላል። ያ ሰው ምስሉን የሚሰበስበው ዓላማውን ሳይቀበል ለስብስቡ ሲል ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአብዛኞቹ ግን ትኩረቱ በባቡር፣ በሒሳብ፣ በሙዚቃ፣ በእንስሳት ወይም በኮምፒውተር ላይ ነው፤ ይህም የዕውቀትና የሥራ ምንጭ ይሆናል።

ለሥርዓትና ለሕግ ያለ ፍላጎት፦ ዓለምን ጥቁርና ነጭ አድርጎ የሚያቀርብ ትምህርት ግልጽነት ለሚፈልግ ሰው ሊማርክ ይችላል። በሌላ በኩል ሕግን አጥብቆ መጠበቅና ውሸትን መጥላት ከወንጀል የሚያርቅ ባህርይ ነው።

የማኅበራዊ ግንኙነት ልዩነት፦ የሌላውን ስውር ዓላማ ቶሎ አለመረዳት ሰውን ለማታለል ያጋልጣል። በእኩዮቹ የሚሾፍበትና ጓደኛ የሌለው ወጣት በኢንተርኔት «ወንድማችን» ብሎ የሚቀበለውን የመጀመሪያ ቡድን ሊያምን ይችላል። በተቃራኒው ለቡድን ግፊት አለመንበርከክም በኦቲዝም ዘንድ በብዛት የሚታይ ነው።

ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ለሌላው አይራሩም የሚለው አስተያየትም በጥናት አይደገፍም። ብዙዎቹ የሚቸገሩት የሌላውን ስሜት ከፊቱ ወይም ከድምፁ በፍጥነት በማንበብ ላይ ነው፤ ሰው መጎዳቱን ሲያውቁ ግን ያዝናሉ። የእንግሊዝ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን መሆኑን፣ ማለትም ኦቲዝም የሌለባቸው ሰዎችም ኦቲዝም ያለበትን ሰው ስሜት ማንበብ እንደሚያቅታቸው አስረድተዋል።

የታወቁ ጉዳዮች

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 የአንድ 13 ዓመት ልጅ ወላጆች ልጃቸው በአሸባሪ ቡድን ምስሎች መመሰጡ አሳስቧቸው ራሳቸው ፖሊስን እርዳታ ጠየቁ። ልጁ ኦቲዝም ነበረበት፤ የአዕምሮ ችሎታ መለኪያ ውጤቱም ዝቅተኛ ነበር። በአንድ በኩል የድጋፍ ሥራ ሲጀመር፣ በሌላ በኩል ማንነቱን የደበቀ የጸረ ሽብር ኃይሉ ባልደረባ በኢንተርኔት ልጁን እየቀረበ ስለ ጥቃት ያወራው ጀመር። ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው በሽብር ወንጀል ተከሰሰ። የልጆች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ክሱ በቋሚነት እንዲቆም ወሰነ። በውሳኔው መሠረት ፖሊስ ልጁን ከምስጡ ማላቀቅ ሲገባው ምስጡን መግቦታል። ጉዳዩ እርዳታ የጠየቁ ወላጆች እምነት እንዴት ሊሰበር እንደሚችል ማሳያ ሆኖ ይጠቀሳል።

በእንግሊዝ አንዲት ልጃገረድ እ.ኤ.አ. በ2020 በ14 ዓመቷ ተይዛ በሽብር ወንጀል ተከሰሰች። ኦቲዝም እንዳለባት የታወቀው ከተያዘች በኋላ ነው። በኋላ የሀገሪቱ ባለሥልጣናት ልጅቷ በጽንፈኞች የተበዘበዘች መሆኗን ስላረጋገጡ ክሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ተነሣ። ልጃገረዷ ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። በሁለቱም ጉዳዮች የክርክሩ ማዕከል ልጁ አጥፊ ነው ወይስ ተጎጂ የሚለው ጥያቄ ነበር።

በኢትዮጵያ

የኦቲዝም ግንዛቤ ታሪክ

በኢትዮጵያ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ እንዲወራ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል ዘሚ የኑስ ይገኙበታል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በማቋቋም፣ በኒያ ፋውንዴሽን አማካይነት ልጆችን ሲያስተምሩና ወላጆች ልጆቻቸውን ከቤት እንዲያወጡ ሲቀሰቅሱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በአዲስ አበባ የሚገኝ ሌላው የታወቀ ተቋም ነው። በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የተሰየመው የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን ይውላል።

የተለመዱ ግምቶችና መገለል

በአዲስ አበባ በሁለት የሕክምና ተቋማት የኦቲዝምና የአዕምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ያነጋገረና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ 40.2 በመቶው የልጁ ሁኔታ በመንፈስ መያዝ፣ 27.5 በመቶው ደግሞ በኃጢአት ምክንያት የመጣ ነው ብለው እንደሚያምኑ አመልክቷል። 45.1 በመቶው በልጁ ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ 26.7 በመቶው ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። 74.5 በመቶው ከሁሉ በላይ የጎደለው ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት መሆኑን ገልጸዋል።

ከአዲስ አበባ ውጭ አገልግሎቱ ይበልጥ ይርቃል። የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ በሚገናኙባት ወረታ፣ እንዲሁም በፎገራ ሜዳ የሩዝ አምራች ቀበሌዎች ለሚኖር ቤተሰብ ቅርቡ የጤና ባለሙያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ልዩ ሕክምና የሚፈልግ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይላካል። ከወረታ በስተሰሜን፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ እንዳለው ጣራ ገዳም ያሉ ጥንታውያን ገዳማት ባሉበት አካባቢ ጸሎትና ጠበል የብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ መጠጊያ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ልጆች እድገት ችግሮች የተሰጠ አጭር ሥልጠና የተሳሳቱ እምነቶችንና አሉታዊ አመለካከትን እንደቀነሰ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የወላጆች ክህሎት ሥልጠናም በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል።

በቤት ተደብቆ ያደገ ልጅ ቋንቋ፣ ጓደኛና ትምህርት አያገኝም። ብቸኝነትና የድጋፍ እጦት ደግሞ ከላይ በተጠቀሱት ጥናቶች ተጋላጭነትን የሚጨምሩ ሁኔታዎች ናቸው። በመንፈስ መያዝ ግምት ላይ «አደገኛ ነው» የሚል አዲስ ግምት ቢታከል ቤተሰቦችን ይበልጥ ወደ መደበቅ ይገፋል።

በግጭት አካባቢ

በአማራ ክልል በተከሰተው የትጥቅ ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ፍተሻና የታጠቀ ኃይል ባለበት ቦታ አንዳንድ የኦቲዝም ባህርያት በቀላሉ በስህተት ይተረጎማሉ። «ቁም!» ሲባል አለመቆም፣ ዓይን አለማየት፣ ለጥያቄ አለመመለስ ወይም የተጠየቀውን መልሶ መድገም፣ ከፍ ያለ ድምፅ ሲሰማ ጆሮን ይዞ መሮጥ፣ እጅን ደጋግሞ ማወናጨፍ ለማያውቅ ሰው ጥርጣሬ ይፈጥራሉ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ስጋቱ ልጁ በሌላው ላይ ከሚያደርሰው ይልቅ በልጁ ላይ የሚደርሰው ነው።

የሕግ ሁኔታ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ አንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞችና ለአዕምሮ ሕሙማን በአቅሙ ልክ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። ሀገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የሽብር ወንጀል በአሁኑ ጊዜ የሚታየው የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 652/2001 በተካው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 48 እስከ 51 የወንጀል ኃላፊነትን ይመለከታል። በዚህ መሠረት የተከሳሹ ኃላፊነት አጠራጣሪ ሲሆን ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲቀበል ይደነገጋል። ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁሉ ኃላፊነት የለበትም ማለት አይደለም፤ ውሳኔው የግለሰቡን የመረዳትና ራስን የመቆጣጠር ችሎታ በማየት የሚሰጥ ነው።

መከላከልና ድጋፍ

ባለሙያዎች ትኩረቱ ከምርመራው ስም ይልቅ በግለሰቡ ሕይወት ላይ እንዲሆን ይመክራሉ። በኢንተርኔት አዲስ «ወዳጅ» ሲመጣ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ከልጁ ጋር በግልጽ ቃል መነጋገር ይጠቅማል። «ተጠንቀቅ» ከሚል ጥቅል ምክር ይልቅ «ለማታውቀው ሰው ፎቶ አትላክ፤ ሚስጥር ያዝልኝ ካለህ ለእናትህ ንገር» የሚል የተወሰነ ደንብ ይሻላል። የጠለቀ ትኩረትን ከመከልከል ወደ ሌላ ተቀራራቢ ርዕስ መምራት የተሻለ ውጤት ያመጣል። ስለ ጦር መሣሪያ የሚጨነቅ ልጅ ወደ ታሪክ ወይም ወደ ምህንድስና ሊመራ ይችላል።

በምርመራ ጊዜ አጭርና ቀጥተኛ ጥያቄ መጠየቅ፣ ለመልስ በቂ ጊዜ መስጠት፣ ጫጫታ የሌለበት ክፍል መምረጥና ልጁን የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ እንዲሆን ማድረግ ይመከራል። ኦቲዝም ያለበት ሰው ለማስደሰት ወይም ጥያቄው እንዲያበቃ ሲል ያልሠራውን ሊያምን ስለሚችል፣ ቃሉ በሌላ ማስረጃ መረጋገጥ ይኖርበታል።